አዲሷ ተቀጣሪ

ውድ እታለም፣

ለእማዬ አልጋ እንዳገኘሽላት ስትነግሪኝ "እስቲ ላስብበት" ብዬ ስልኩን ዘጋሁብሽ። ተቀይመሽኝ ይሆናል። "የአረጋውያን ማረፊያው አልጋ ባዶውን ሲጠብቅ አይኖርም፤ ወይ እሺ በይኝ፣ ወይ እምቢ በይኝና ልረፍ" ያልሽው እውነትሽን ነው። ግን እኔ ስልክ ላይ እንደማልረባ ታውቂያለሽ። ድምፅሽን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል፤ "ደህና ነን፣ አይዞሽ" ብዬ እጨርሳለሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል። መልሴ መጨረሻ ላይ አለ። ዘለሽ ግን አታንብቢው። መልሱ ብቻውን ከደረሰሽ ወይ ጨካኝ ወይ የሰለቸኝ እመስልሻለሁ።

የምጽፍልሽ ከጓሮው ክፍል ሆኜ ነው። አንቺ "ጭራቁ" የምትዪው የእማዬ ብረት መላጫ፣ ሚሊንግ ማሽኑ፣ ሸራ ለብሶ አጠገቤ ቆሟል። በሩ ገርበብ ስላለ እማዬ ትታየኛለች። ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የውጪው በር አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቅድም ሻይ አስቀምጬላት ነበር፤ አልነካችውም።

ስለ መስኮቱ መስታወት ባለ ብስክሌቱ ደውሎ እንደነገረሽ አውቃለሁ። አልተቀየምኩትም። ከዚያች ከጥጓ የብስክሌት መጠገኛው እየተመላለሰ ስንት ዘመን ሥራ ሲያመጣልን የኖረ ሰው ነው፤ ለእማዬ ከእኔ ያላነሰ ይሳሳላታል። የነገረሽም እውነት ነው። ግን ግማሹ ነው።

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ማሽኑ ሲዞር ከግቢው በር ሰማሁት። መቁረጫውን የሚያጠብቀው ቡሎን ከማሽኑ ራስ ላይ በትልቅ ቁልፍ ነው የሚፈታውና የሚታሰረው። ሥራው እንዳለቀ ቁልፉ ግድግዳው ላይ ያለ ምስማር ላይ ይሰቀላል። እማዬ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። "ቁልፉ ምስማሩ ላይ ሳይወጣ እጅ ማብሪያው ላይ አይውጣ" ትል ነበር፤ ፋብሪካ የገባች ሰሞን በጥፊ ያስያዟት ሕግ ነው። ያን ዕለት ቁልፉን እዚያው ራሱ ላይ እንደተወች አስነሳችው። ተስፈንጥሮ በጆሮዋ አጠገብ አለፈና መስታወቱን ሰብሮ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ትንሽ ዘንበል ብላ ቢሆን ኖሮ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ነበር የምጽፍልሽ።

ሮጬ ገብቼ አጠፋሁት። እማዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች። ዞራ አየችኝ። ስም ሊጠራ የተሰናዳ አፍ ታውቂያለሽ? ከንፈሯ ተሰናዳ፤ ምንም አልወጣም።

"ማነሽ አንቺ?" አለችኝ።

"ልጅሽ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። ከዚያ በፊት ብዬ አይቻለሁ። ባልኩ ቁጥር ትደነግጣለች። "የእኔ ልጅ ትንሽ ናት፤ ትምህርት ቤት ናት። ምን አደረጋችሁብኝ?" ብላ ታለቅሳለች። የምትለው አንቺን እንደሆነ ይገባኛል፤ ደብተር ታቅፈሽ የምትሮጪዋን። እኔ እዚያ ልቧ ውስጥ ገና አልተወለድኩም።

"ማን ላከሽ? ቢሮ ነው?"

"አዎ" አልኳት። "አዲስ ተቀጣሪ ነኝ።"

ፊቷ እንዴት እንደተፈታ ብታዪ! ጎብጦ የነበረው ትከሻዋ ቀና አለ። ሽርጧን አስተካከለች። የተሰበረውን መስኮት አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ታዲያ ቁልፉን እዚያ ላይ የተውሽው አንቺ ነሻ!"

"ይቅርታ እትዬ።"

"ይቅርታ ዓይን አይተካም። ነይ ወዲህ። ይህ ምስማር ይታይሻል?"

"ይታየኛል እትዬ።"

"ከዛሬ ጀምሮ ባልሽ እሱ ነው። እሱን ሳታማክሪ ምንም ነገር አትነኪም።"

እንዲህ ሆኜ ተቀጠርኩ። እናቴን "እርስዎ" ማለት የጀመርኩትም፣ በዚህ ዕድሜዬ ባል ያገኘሁትም በዚያው ዕለት ነው። ሶኬቱን ከዚያ ወዲህ እየነቀልኩ ሳጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ፤ እኔ ከሌለሁ ጭራቁ በድን ብረት ነው። ስለ እሱ አትስጊ።

አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። ፋብሪካው ተዘግቶ አሮጌ ማሽኖቹ በውዳቂ ብረት ሲሸጡ፣ እማዬ ይህን ትንሹን በጋሪ አስጭና ስታመጣው አንቺ ለትምህርት ወጥተሽ ነበር። ለዕረፍት ስትመጪ ቆሞ አገኘሽው፤ ስቀሽ ስም አወጣሽለትና ተመለስሽ። እኔ ግን አብሬው አረጀሁ። የብረት ፍቅፋቂውን የምጠርገው እኔ፣ ዘይቱን የምወለውለው እኔ። መዘውሩን ለመንካት እጄን ስሰድ "እጅሽን!" ትላለች፤ ሌላ ቃል የለም። አንድ ቀን ደፍሬ "እኔንም አስተምሪኝ" አልኳት። ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣

"አንድ ሰው ያስተማርኩት ይበቃኛል" አለች።

ያ አንድ ሰው አንቺ መሰልሽኝ። ፊደል ያስቆጠረችሽ እሷ ናታ። እኔን ደግሞ "ይህቺ ድንጋይ ናት" ብላ የተወችኝ መሰለኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁንም የምነግርሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ሰው ስንት ዘመን ያልሆነ ነገር አምኖ እንደሚኖር እንድታዪልኝ ነው።

ያስተማረኝ ቆርቆሮው ነው። የተበላሸ ሥራ የምትጥልበት የቀለም ቆርቆሮ ነበራት። ገበያ ስትወጣ አንድ አንዱን አውጥቼ፣ ዘይቱን ጠርጌ አገላብጣለሁ። ቀዳዳው ከመሐል የሸሸበት አለ። መቁረጫው ነክሶ ጥጉን የገመሰበት አለ። ብረት መንከሻው ሞርሳ ውስጥ ሲታሰር ከሥሩ ፍቅፋቂ ተረስቶ አንድ ጎኑ የሳሳ አለ። ደህና የወጣ ዕቃ ምንም አይነግርሽም፤ አፉን ገጥሞ ይቀመጣል። የተበላሸ ግን ለፍላፊ ነው፤ የት እንደቸኮልሽ፣ የት እንደፈራሽ ሳትጠይቂው ይዘረግፈዋል። እኔም አዳማጭ ነኝ። ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ?

በኋላ ዓይኗ ደከመ። "ቁጥሩን አንብቢልኝ" አለችኝ። ከዚያ "ያዢልኝ።" ከዚያ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እኔ መዘውሩን ማዞር ጀመርኩ። የጀመርኩበትን ቀን አላስታውሰውም፤ ማንም "ጀምሪ" አላለኝም። የብስክሌት ፔዳል፣ የልብስ ስፌት መኪና እግር፣ የክሊኒክ አልጋ ጎማ መያዣ፣ የበር እጀታ፣ ሰው የሰበረውን ሁሉ ሠራሁ። ያለቀውን አንስታ በአውራ ጣቷ ትዳብሰውና ደንበኛው የሚወስደው ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ጥሩ ነው አትልም። መጥፎ ነው አትልም። እሷ ዝም፣ እኔም ዝም። አንቺ ስትደውዪ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ትዪኛለሽ፤ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ምን አዲስ ነገር ይኖራል?

አሁን እንግዲህ ይህቺ ሴት ለአዲሷ ተቀጣሪ ምን እንደሆነችላት ስሚኝ።

ፋብሪካ ውስጥ የአዲስ ገቢ የመጀመሪያ ሥራ ኩብ ነው። ከአልሙኒየም ቁራጭ፣ ስድስቱም ፊቱ ለጥ ያለ፣ ማዕዘኑ ሁሉ የቀና፣ ከጡጫ የሚያንስ ኩብ። ለምንም አይጠቅምም፤ እጅ ለማፍታታት ነው። እማዬ በየማለዳው ከመደርደሪያው ቁራጭ መርጣ ትሰጠኛለች። ትናንት የሆነው ሁሉ ከእንቅልፏ ጋር ታጥቦ ሄዷል።

"ዛሬ የመጀመሪያ ቀንሽ ነው፤ አትፍሪ" ትለኛለች። "ብረት የሚናከሰው የሚፈራውን ነው።"

እታለም፣ ይህቺ ሴት ልጅ ሆኜ ነጎድጓድ ሲያስደነግጠኝ እንኳ "አትፍሪ" ብላኝ አታውቅም።

በዚህ ማሽን ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ብረቱ የሚታሰርበትን የማሽኑን ጠረጴዛ የሚገፋው ባለ ጥርስ ዘንግ፣ ቪቴው፣ አርጅቷል። መዘውሩን ከምትፈልጊው ቁጥር ትንሽ ካሳለፍሽው፣ "ውይ" ብለሽ ወደ ኋላ ብትመልሺው ቁጥሩ ይመለሳል፤ ጠረጴዛው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ቁጥሩን ያመነ ሰው ብረቱን ያበላሻል። መጀመሪያ ስሳሳት ከልቤ ነበር፤ ስለምታየኝ ቸኩዬ አሳለፍኩት፤ ደንግጬ መለስኩት።

"ቆይ ቆይ ቆይ" አለች። ተነሥታ ከኋላዬ መጣችና እጇን በእጄ ላይ ጫነች። የእማዬ እጅ ያ ሁሉ ዘይት ነክቶት እንዴት ይህን ያህል ደረቅ እንደሆነ አላውቅም። "ካለፍሽ፣ ትንሽ አትመለሺ። ብዙ ተመለሺ። ከቁጥሩ ወዲያ ሂጂ፤ ከዚያ እንደገና በመጣሽበት በኩል ነይ። አየሽ? አሁን እውነቱን ነገረሽ።" እጇ እጄ ላይ እንዳለ አብረን አዞርነው።

በማግስቱ አውቄ አሳለፍኩት።

በየቀኑ አሳለፍኩት። በየቀኑ "ቆይ ቆይ ቆይ" ብላ ተነሥታ መጥታ እጇን እጄ ላይ ጫነች። በየቀኑ አንድ ኩብ አበላሽቼ እሷ ስትተኛ የደንበኛውን ሥራ እሠራ ነበር። ባለ ብስክሌቱ ነገሩ ሲገባው ሊሞት ሳቀ። አንድ ቀን የተሰነጠቀ ፔዳል ይዞ ገባ። ለእማዬ እሱ ግምጃ ቤት ጠባቂው ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት በሆዱ ይሆናል።

"አንተ!" አለችው። "ያ ዘይት የት ደረሰ?"

"አለቃ፣ ከላይ አልፈቀዱም።"

"ከላይ ማለት ጉሮሮህ ነው። ከታች ማለት ደግሞ ሆድህ ነው። ዘይቱ እዚያ ነው ያለው።"

"ኧረ አለቃ፣ ማሽን አይደለሁም፣ ዘይት አልጠጣም" አለና ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ? ዛሬም አበላሸሽ? ጸጉሯ እስኪሸብት የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ሠራተኛ ያየሁት አንቺን ብቻ ነው። መቼ ነው ቋሚ የምትሆኚው?"

ለመሳቅ አፌን ስከፍት እማዬ ከበርጩማው ብድግ አለች።

"ልጅቷን ተዋት! በእኔ ሥር ያለችን ልጅ ማንም አይዘልፍም። ሁሉም ሰው ሲጀምር ያበላሻል። አንተ ብታበላሽ ኖሮ ዛሬ ሰው በሆንክ።"

ፍቅፋቂ ዓይኔ የገባ መስዬ ወጣሁ። ባለ ብስክሌቱ ተከትሎኝ ወጣና መሐረቡን ሰጠኝ። መሐረቡ ግራሶ በግራሶ ነበር፤ ፊቴን አጥቁሬ ተመለስኩ። "ይኸው ሠራተኛ መሰልሽ" አለችኝ እማዬ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ ነገረችኝ። ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ።

"ከአንቺ በፊት አንዲት ልጅ አስተምሬ ነበር" አለች። "ብልህ ናት። ያሳየኋትን ሁለተኛ አታስደግመኝም። ራሴን ያየሁ እየመሰለኝ ያለኝን ሁሉ ሰጠኋት። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ጠሩኝ። 'ሠራተኛ እንቀንሳለን፤ ማሽኑን የሚችል ሌላ ሰው አለ' አሉኝ። ስመለስ ማሽኔ ላይ ቆማለች። ሽርጤን ለብሳለች። ሽርጤን!" የለበሰችውን ሽርጥ ጨብጣ አሳየችኝ። "ዓይኔን አላየችኝም። እኔም ምንም አላልኳት። ምን እላታለሁ? እኔ ነኝ ያስተማርኳት።"

አስታወስሽ? የቤት ውስጥ ጫማዋን ሳታወልቅ ስንት ወር አልጋ ላይ የተኛችበትን ጊዜ? "ፋብሪካው ቀነሰኝ" ብቻ ነበር ያለችን። ለካ ቦታዋን የወሰደችው ተማሪዋ ናት። ለካ "አንድ ሰው ያስተማርኩት ይበቃኛል" ያለችው አንቺን አልነበረም። እኔንም ድንጋይ ናት ብላ አልነበረም። እሳት ያቃጠለው አመድ አይቶ ይሸሻል እንደሚባለው ነው። ዕድሜ ልኬን የተሸከምኩት ነገር በአንድ ስኒ ሻይ ከላዬ ወረደ፤ ግን ደስ አላለኝም፤ ባዶ ቦታው ነው የተሰማኝ።

ከዚያ ሻዩን አስቀምጣ ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ።

"አንቺ እንደሷ አይደለሽም። አንቺ ቀስ ብሎ ነው የሚገባሽ። ለዚህ ነው የምወድሽ።"

አየሽልኝ? የምትወደኝ ስለማልችል ነው። ይህን ሰምቼ፣ ገብቶኝ፣ ከልቤ አስቀምጬው ሳለ ነው ያደረግኩትን ያደረግኩት። አላወቅኩም አልልሽም።

የደወልሽልኝ ዕለት ነው። ስልኩን ዘግቼ ስመለስ እማዬ የዕለቱን ቁራጭ ይዛ ቆማ ትጠብቀኛለች። "ዛሬ የመጀመሪያ ቀንሽ ነው፤ አትፍሪ።" እኔ ደግሞ አልጋውን ነው የማስበው። እሺ ብልሽም እምቢ ብልሽም መሄዷ እንደማይቀር ገብቶኛል፤ እጄ ላይ እየደከመች ነው፤ ሌሊት ወደ መንገድ ልትወጣ ስትል ይዣት አውቃለሁ። እዚያ ስትሄድ ማሽን የለም። ኩብ የለም። አዲስ ተቀጣሪም የለችም። እናቴ የእጄን ሥራ አንድ ቀን እንኳ አይታ "ይህ ነው" ሳትለኝ ልትለየኝ ነው። ደግሞስ ምን ይመጣል አልኩ። ስሜን የረሳች፣ የበላችውን የምትረሳ፣ ይህንንም ነገ ትረሳዋለች። አንድ ቀን ብቻ። አንድ ቀን ልታየውና ትርሳው።

ሞርሳውን ጠረግኩ። የመጀመሪያውን ፊት ላጥኩ፤ አወጣሁ፤ ጠርዙን በሞረድ ዳበስኩ፤ ሁለተኛውን አሰርኩ። ቁጥሩን አላሳለፍኩትም። "ቆይ" ልትል አፏን ከፍታ ስትጠብቅ ይሰማኛል፤ አላሳለፍኩትም። ሦስተኛው፣ አራተኛው። እጄ እንደዚያን ቀን ታዞኝ አያውቅም። መጨረሻውን ፊት በስሱ፣ በጣም በስሱ ላጥኩትና መስታወት መስሎ ወጣ። ጠርጌ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

ዳበሰችው። ማዕዘን መለኪያዋን፣ ስኳድራውን፣ ከኪሷ አውጥታ አዲሱ የመስኮት መስታወት ጋ ሄደች። ኩቡን ከስኳድራው ጋር አጋጥማ ወደ ብርሃኑ አነሣችው፤ በመካከል ብርሃን ካየሽ ማዕዘኑ አልቀናም ማለት ነው። አንዱን አየች። አገላበጠች። ሁሉንም አየች። እንደገና ከመጀመሪያው አየች።

"ብርሃን አያሳልፍም" አለች፤ ለራሷ ነው ያለችው።

እታለም፣ ያቺን ቃል ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

ዞራ አየችኝ። "ማን አስተማረሽ?"

"እርስዎ ነዎት እትዬ።"

"እኔ አይደለሁም። አንቺ ገና ዛሬ የገባሽ ልጅ ነሽ። ይህ የዛሬ እጅ አይደለም።" ኩቡን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ገባኝ" አለች። "ገባኝ። የላኩሽ ለዚህ ነው።"

"እማዬ" አልኳት፤ አመለጠኝ። "እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ!"

"እናትሽ ቤቷ ናት። እኔ እናትሽ አይደለሁም።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሽርጧን ፈታች፤ አጣጥፋ በርጩማው ላይ አኖረችው። ከዚያ እንደ ወጉ አስረከበችኝ። "ይህ ሞርሳ ነው፤ ግራ ጥርሱ ትንሽ ተበልቷል። ይህ መለኪያው ካሊፐር ነው፤ እንዳይወድቅብሽ። መቁረጫዎቹ እዚህ አሉ፤ ሦስቱ ተስለዋል። ዘይት ግምጃ ቤቱን ጠይቂ፤ ሌባ ነው። ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው።" ምስማሩን በጣቷ አሳየችኝ። ኮቷን ለበሰች፤ ቦርሳዋን አነሣች፤ ወደ ቤቷ የሚወስዳትን የፋብሪካ ሰርቪስ ልትጠብቅ የውጪው በር አጠገብ ተቀመጠች።

ነገ ትረሳዋለች ብዬ ነበር። አልረሳችውም። ስሜን፣ ስምሽን፣ የአባታችንን መሞት፣ ምሳ መብላቷን ሁሉ ትረሳለች፤ ይህን ግን እንቅልፍም አላጠበላትም። ጠዋት ስትነሣ ኮቷን ትለብሳለች፤ እዚያ ትቀመጣለች፤ ሰርቪስ ትጠብቃለች።

በማግስቱ ሌላ ኩብ አበላሽቼ፣ አንዱን ጎን አዘምሜ፣ ጥጉን ገምሼ ወሰድኩላት። "እትዬ፣ አበላሸሁት፤ ያሳዩኝ" አልኳት። በአንድ ዓይኗ አየችው። ለመያዝ እንኳ እጇን አልዘረጋችም።

"አውቀሽ ነው" አለችኝ። "ሳይታሰብ የተበላሸና ታስቦ የተበላሸ ብረት አንድ አይደለም። እኔን ልታታልዪ?"

ከዚያ ጀምሮ ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል። ይህን መለየት የምትችል ከሆነ፣ ያኔ በየቀኑ አውቄ ሳሳልፈው ታውቅ ነበር ማለት ነው? እያወቀች ነው እየተነሣች እጇን እጄ ላይ የምትጭነው? ማንን እጠይቃለሁ?

ከእጄ አትበላም። ስቀርባት ቦርሳዋን ታጠብቃለች። ሾርባውን ሠርቼ የማበላት በባለ ብስክሌቱ እጅ ነው። "አለቃ፣ ከግምጃ ቤት የተፈቀደ ነው፣ ቅመሺው" ይላታል። "ሰርቀኸው ይሆናል" ትለዋለች፤ ግን ትበላለች። እሱም ሥራ አለው፤ ቀኑን ሙሉ እኔ ቤት ሊቀመጥ አይችልም። ያለ ምግብ የምትውልባቸው ቀኖች እየበዙ ነው፤ ጉንጯ ገብቷል። ልትታጠብ ስትል ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አትገባም። ለእናቴ በራሷ ቤት ውስጥ ባላንጣ ሆኛለሁና ከእኔ ጋር ከቆየች ትሞትብኛለች። እንግዲህ መልሴ እሺ ነው። ነይና ውሰጃት።

ስትመጪ ግን የምልሽን አድርጊ፤ አንዱንም አትቀይሪብኝ።

ያንን የቢሮ ኮትሽን ለብሰሽ ነይ። እጅሽ ላይ ማኅደር ያዢ፤ ባዶ ወረቀት ቢሆንም ግድ የለም። ስታዪያት እንዳታለቅሺ። "እማዬ" እንዳትዪያት። "ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት" በያት። ስህተት እንደተፈጠረ፣ ቦታዋ ላይ ማንም እንዳልገባ፣ ማሽኗ ሸራ ለብሶ እንደሚጠብቃት፣ እስከዚያ ለባለሙያዎች የተዘጋጀ ማረፊያ እንዳለና መኪናው በር ላይ እንደቆመ ንገሪያት። ሽርጧን አጥቤ ከልብሷ ጋር አስቀምጬዋለሁ፤ በእጇ ስጪያት፤ ራሷ ትያዘው።

ትጠይቅሻለች። "ልጅቷስ?" ትልሻለች። "አባረናታል" በያት። ሳታቅማሚ በይው፤ የሚያቅማማ ሰው ታውቃለች። እኔ ቤት አልኖርም። ባለ ብስክሌቱ መጠገኛ ውስጥ እሆናለሁ፤ ከዚያ መንገዱ ይታያል። ወደዚያ እንዳታዪ፤ ካየሽ እሷም ዞራ ታያለች። መኪናው ሲነሣ ግን በእሷ በኩል ያለውን መስታወት ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ። ፊቷን ልየው።

እሷ እዚያ ከለመደች በኋላ ልጠይቃት እችል እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ። እንደ ማን ሆኜ እንደምመጣ ገና አላወቅኩም።

የተባረረችው እህትሽ